ሁለተኛው ማዳመጫ

እናቴ ሥራዋን ያጣችው በማሽን ምክንያት ነው ብዬ እስከ ሃያ አራት ዓመቴ ድረስ አምን ነበር። ከሃያ አራት እስከ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ደግሞ ሌላ ነገር አመንኩ። ሁለቱም ስህተት ነበር። ሁለተኛው ግን የባሰ ነው፤ ያን ጊዜ ልጅ አልነበርኩማ።

ስልክ ቤቱ ከፖስታ ቤቱ ጎን ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረች። ከፊት ማዞሪያው፣ ከኋላ እኛ። አባቴ የመስመር ሠራተኛ ነበር፤ አንድ ቀን ምሰሶ ላይ ወጣ፣ በሕይወት አልወረደም። እኔ ያኔ ገና ድክ ድክ እል ነበር አሉ። መሥሪያ ቤቱ እንደ ካሳ ቆጥሮት እናቴን አስተምሮ ስልከኛ አደረጋት፤ የኋላዋን ክፍልም እንድንኖርባት ሰጠን። ስለዚህ እኔ ያደግሁት የከተማውን ሰው ሁሉ ጉሮሮ በግድግዳ ማዶ እየሰማሁ ነው።

ማዞሪያው የቁም ሳጥን ያህላል። ፊቱ ላይ ሰማንያ ቀዳዳዎች፣ በየቀዳዳው አናት ላይ ደግሞ ጥፍር የምታህል የናስ ክዳን አለች። አንድ ሰው ቤቱ ሆኖ የስልኩን መዘውር ሲያሽከረክር ክዳኗ ቀጭ ብላ ትወድቃለች። እናቴ ገመዱን ሰክታ "ሃሎ፣ ማንን ላገናኝ?" ትላለች። ቁጥር የሚጠራ ሰው አልነበረም። "እትዬ ሃሎ፣ እስቲ ወፍጮ ቤቱን ስጪኝ" ይላታል አንዱ። "እትዬ ሃሎ፣ ያ ሰውዬ የት እንደገባ ፈልጊልኝ" ትላታለች ባሏ የጠፋባት። የት እንደገባ እናቴ በደንብ ታውቃለች፤ መሸታ ቤት ተቀምጦ የሁለተኛውን ጠርሙስ አንገት ይዟል። "ለጊዜው አልተገኙም" ትላለች ግን፣ ድምፅዋን አስተካክላ። እናቴ እትዬ ሃሎ ስትሆን እኔም በሰፈሩ "የሃሎ ልጅ" ሆኜ ቀረሁ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ከማዞሪያው ጎን ባለው የገመድ ሳጥን ላይ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። የቤቱ ሕግ አንድ ነበር።

"እዚህ የሰማሽው እዚህ ይቀራል" ትለኛለች፣ ጆሮዬን በሁለት ጣቶቿ ይዛ።

"ቢጠይቁኝስ?"

"ደንቆሮ ነኝ በያቸው።"

ሁለታችንም እንስቃለን።

ከማዞሪያው በስተቀኝ ምስማር ላይ ሁለተኛ ማዳመጫ ተንጠልጥሎ ነበር። ለተለማማጅ የተዘጋጀ ነው፤ ተለማማጅ ግን መጥቶ አያውቅም። እናቴ ጀርባዋን ስትሰጠኝ ቀስ ብዬ አንሥቼ ጆሮዬ ላይ አደርገው ነበር። የሚያወሩት ነገር አብዛኛው አይገባኝም። ደስ የሚለኝ ድምፁ ነው። ዝናብ ሲጥል መስመሩ ያንሾካሹካል፤ ነፋስ ሲነሣ እንደ ድመት ያጉረመርማል፤ የትልልቅ ሰዎች ድምፅ ቀጥኖ፣ አንሶ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ ሆኖ ይመጣል።

ተቆጣጣሪው መምጣት የጀመረው ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ማን እንደሆነ ስጠይቃት እናቴ "ተቆጣጣሪ ነው" አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። እኔም የመስመር ተቆጣጣሪ መሰለኝ። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ጫማው ጭቃ በሞላበት ከተማ ሁልጊዜ የተወለወለ ነው። ሲገባ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ ለእናቴ ባርኔጣ ሲያወልቅ ያየሁት ወንድ እሱ ብቻ ነው። ስሜን ጠየቀኝ፤ በሳምንቱ ሲመጣ አልረሳውም። በሦስተኛው ረቡዕ አሥራ ሁለት ቀለም ያለው የእርሳስ ፓኮ አመጣልኝ። ልቤ ጥፍት አለ። እናቴን ሊያገባት ነው ብዬ ወሰንኩ።

እናቴ ግን እሱ በገባ ቁጥር ከወንበሯ ተነሥታ ትቆማለች፤ እስኪወጣም አትቀመጥም። እጮኛ ለሚሆን ሰው እንዲህ ተገትሮ መቆም ምን የሚሉት ኩራት ነው እያልኩ እታዘባት ነበር።

አንድ ጥቁር ልባስ ያለው ደብተር ሰጥቷታል። በመጣ ቁጥር ይከፍተዋል፣ ገጹን ይገልጣል፣ ይዘጋዋል።

"ዛሬም ባዶ?"

"የሚጻፍ የለም ጌታዬ።"

"ከተማው ሁሉ ዲዳ ሆነ ማለት ነው?"

"ስለ ልጅ ትኩሳትና ስለ ሠርግ ነው የሚያወሩት። እሱን ልጻፍ?"

ተቆጣጣሪው ሳቀ። ከዚያ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፤ በተከፈተው በር የኋላ ክፍላችንን፣ አልጋችንን፣ ምድጃችንን አየ። "ጣሪያው አያፈስም? ደህና ቤት ነው። ለአንዲት ሴት ከነልጇ ደህና ቤት ነው" አለ።

እኔም በደግነቱ ተገረምኩ። ስለ ጣሪያችን የጠየቀን ሰው አልነበረም። የገባኝ ነገር አንድ ነው፤ እናቴ የታዘዘችውን የቤት ሥራ አልሠራችም። እኔ ሳልሠራ ስሄድ መምህሬ ጥግ ያቆሙኛል። እሷም የምትቆመው ለዚያ ነው ማለት ነው።

ከፖስታ ቤቱ ማዶ መድኃኒት ቤት ነበር። ባለመድኃኒት ቤቱ ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሲስቅ ድምፅ የማያሰማ ሰው ነው። ሳል ያዘኝም አልያዘኝ የሳል ከረሜላ ይሰጠኛል፤ "ጉሮሮ የስልከኛ ሀብት ነው፣ ካሁኑ ተንከባከቢው" ይለኛል። ሚስቱ አስተማሪ ነበረች። የእሷ ክፍል ተማሪ ባልሆንም መንገድ ላይ አስቁማ ደብተሬን ታያለች፤ ጽሑፌ ከመስመር ከወጣ በጣቷ ትነካውና ምንም ሳትናገር ትመልስልኛለች።

ባለመድኃኒት ቤቱ አርብ አርብ ዋናው ከተማ ወንድሙ ጋ ይደውላል። የሩቅ መስመር አንድ ብቻ ስለነበረ ተራ ይጠበቃል። ተራው ደርሶ መስመሩ ሲገኝ እናቴ "ይነጋገሩ" ትልና ማዳመጫዋን አውልቃ ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች። የሌላውን ሰው ጥሪ መቆረጥ አለመቆረጡን ለማወቅ አልፎ አልፎ ትሰማለች፤ የእሱን ግን አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም። ደክሟት ነው እል ነበር።

አንዳንድ ቀን ደግሞ ይባስ ብላ ትዋሸዋለች። "ጋሼ፣ ዛሬ የሩቁ መስመር ተበላሽቷል" ትለዋለች። እሱም "አመሰግናለሁ እትዬ ሃሎ" ብሎ ይዘጋል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ያንኑ መስመር ለእህል ነጋዴው ስትሰጠው በዓይኔ አያለሁ። አፈርኩባት። ከረሜላ ለሚሰጠኝ ሰው! ደግሞ እሱም ሰውዬው ለውሸቷ ያመሰግናታል።

ዛሬ ሳሰላው፣ የሩቁ መስመር የሚበላሸው ተቆጣጣሪው ያለ ረቡዕ ከተማ ውስጥ በታየባቸው ቀናት ብቻ ነበር።

በዚያው ዓመት ትልልቅ የእንጨት ሳጥኖች የጫኑ ሁለት መኪናዎች መጡ። ከስልክ ቤቱ ጀርባ አዲስ ቤት ተሠራ፤ ከከተማው መግቢያ ጀምሮ አዳዲስ ምሰሶዎች ተተከሉ። ሰማንያ የነበረው ስልክ አራት መቶ ሊሆን ነው ተባለ። ከእንግዲህ ሰው ስልከኛ ሳይጠብቅ ክቧን ቁጥር በጣቱ እያዞረ ራሱ ይደውላል። ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ወፍጮ ቤቱ ያለው ሰውዬ ስልኩ ሳይገባለት በፊት ጣቱን አየር ላይ እያዞረ ሲለማመድ ሰው ሁሉ ሳቀበት።

ማሽኑን ሊተክል የመጣው ቴክኒሻን ብሎን መፍቻውን እንደ እርሳስ ጆሮው ላይ የሚሰካ ወጣት ነበር። እናቴ ሻይ ትሰጠዋለች፤ እሱም ሳጥን ላይ ቁጭ ብሎ ያስረዳታል።

"እና ስልከኛ ቀረ በለኛ" አለችው አንድ ቀን።

"ለመረጃ ጠረጴዛ አንድ ሰው ይፈለጋል። ስምሽ ተላልፏል፣ አታስቢ። ማገናኘቱን ግን እሱ ራሱ ነው የሚያገናኘው።"

"ይሰማል?"

"ምኑን?"

"ሰው ሲያወራ። ይሰማል ወይ?"

"እትዬ ሃሎ፣ ብረት እኮ ነው!" አለ ቴክኒሻኑ እየሳቀ። "ከየት አምጥቶ ጆሮ?"

እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ አልቆም አላት፤ ዓይኗ በእንባ ተሞላ። ቀኑን ሙሉ ገመድ ስትሰካ ስትነቅል ታንጎራጉር ነበር። እኔ ደግሞ ተናደድኩ። ሥራዋን የሚቀማት ነገር መጣልኝ ብላ የምትደሰት ሴት የት ታይታለች? ይሄ ባለ ብሎን መፍቻ አታሏታል አልኩ።

በኋላ ያ ብረት ጆሮ አውጥቷል። የማይደክም፣ የማይረሳ ጆሮ። እንጀራዬ ሆኖ አውቀዋለሁ። ቴክኒሻኑ ግን አልዋሻትም፤ ያኔ እውነቱ ያ ነበር። ለእናቴ ማሽኑ ሥራ እስኪጀምር ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር የቀራት።

ረቡዕ ነው። ቴክኒሻኑ የደረሱ ዕቃዎች ላይ እንድትፈርምለት እናቴን ወደ ጓሮ ጠራት። "አንድ ክዳን ከወደቀ ጥሪኝ" ብላኝ ወጣች። ተቆጣጣሪው የገባው ወዲያው ነው። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሰው እንደሌለ ሲያይ እንደ መሄድ ብሎ ተመለሰና ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። ደብተሩን ገለጠው። ባዶ ነው። በረጅሙ ተነፈሰ፤ እውነት ያዘነ መሰለኝ።

"እናትሽ ልትጎዳብኝ ነው" አለኝ። "እኔ ልረዳት እፈልጋለሁ። እሷ ግን አትረዳኝም።"

ጥግ ስትቆም ታየችኝ።

"እናቴ ሰነፍ አይደለችም" አልኩት። "ስለሚደክማት ነው። እኔ ልንገርዎት፣ እርስዎ ይጻፉት።"

"አንቺ ደግሞ በምን ታውቂያለሽ?"

ሁለተኛውን ማዳመጫ ከምስማሩ አውርጄ አሳየሁት። ጆሮው ላይ አድርጎ ሞከረውና በቀስታ መልሶ ሰቀለው። ከኪሱ ብዕር አወጣ። የቱን ልንገረው ብዬ አሰብኩ። ከሁሉ ያማረውን መረጥኩ። ጥሩ ሰው ስለ ጥሩ ሰው ቢሰማ ደስ ይለዋል ብዬ ነው።

"ባለመድኃኒት ቤቱ በጣም ደግ ሰው ናቸው" አልኩት። "ሁለት ሕመምተኞች እቤታቸው አስተኝተው ያስታምማሉ። ጓዳ ውስጥ። ለወንድማቸው ሲነግሩ ሰማሁ። ነገ መኪና ሲያገኙ ይልኳቸዋል።"

ብዕሩ ቆመ። "ነገ?"

"ሐሙስ ነው ያሉት።"

"ይሄን እናትሽ ታውቃለች?"

"ኧረ አታውቅም። እሳቸው ሲያወሩ ማዳመጫዋን ታወልቃለች።"

ጥቂት ጻፈ። ጽሑፉ ውብ ነበር፤ አንድም ፊደል ከመስመር አልወጣ። እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ስትገባ ተነሥቶ ባርኔጣውን አደረገ።

"ልጅሽ ካንቺ ትበልጣለች" አላት። "የሚጻፈውን ታውቃለች።" ጭንቅላቴን ዳብሶኝ ወጣ።

እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

እናቴ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። "ምን አልሽው?" አለችኝ። ድምፅዋ የስልክ ድምፅዋ ነበር፣ ለስላሳና የተስተካከለ። ነገርኳት። ቃል በቃል፣ ምንም ሳላስቀር። የመጨረሻውን ቃል ሳልጨርስ ገመዱን አንሥታ መድኃኒት ቤቱ ቀዳዳ ላይ ሰካች። መዘውሩን አሽከረከረች፤ ደግማ አሽከረከረች። የሚያነሣ የለም። ማዳመጫዋን ወርውራ ሮጠች። እናቴ ማዞሪያውን ባዶ ትታ ስትወጣ በዕድሜዬ ማየቴ ነው።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት ክዳን ወደቀች። ቀጭ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሦስት፣ አራት፣ አሥር። የሰሌዳው ፊት በሙሉ ተንጫጫ። የናስ ክዳኖቹ እየወደቁ ሰማንያ ጥቁር ቀዳዳ አፍጥጦ አየኝ። መሐሉ ቆሜ፣ ከተማው ሁሉ እናቴን ፈለጋት ብዬ አጨበጨብኩ። የኔ ወሬ መልካም ሆኖ ሰው ሊያመሰግነን የሚደውል መስሎኝ ነበር። ሰዉ ግን የሚደውለው መድኃኒት ቤቱ በር ላይ የቆሙትን መኪናዎች አይቶ፣ ምን መጣ ብሎ ሊጠያየቅ ነው።

እናቴ ስትመለስ አንድ እግሯ ጫማ አልነበረውም። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ክዳኖቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሰች። "ሃሎ። የሰማሁት ነገር የለም። ሃሎ። የሰማሁት ነገር የለም።" ለሰማንያውም እንዲሁ አለች።

አልመታችኝም። አልጮኸችብኝም። ሁለተኛውን ማዳመጫ ግን ከምስማሩ አውርዳ ገመዱን በመቀስ ቆረጠችው።

ባለመድኃኒት ቤቱም ሁለቱ ሰዎችም በዚያው ሄዱ። ለኔ "ለሕክምና ሄዱ" ተባለ፤ ሕመምተኞች ናቸውና አመንኩ።

በሳምንቱ እናቴ ነጠላዋን አደረገች፣ እጄን ይዛ መንገዱን ተሻገረች። የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ተሰብሮ ጠርሙሱ ገና አልተጠረገም። "እዚሁ ቁሚ" ብላ ከደጁ አቆመችኝና ወደ አስተማሪዋ ሄደች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። እናቴ አንገቷን ደፍታ አንድ ሁለት ቃል ስትናገር አየሁ። አስተማሪዋ መጀመሪያ ያልሰማች ይመስል ቀረብ አለቻት። ከዚያ ፊቷ ላይ ተፋችባት።

እናቴ አልጠረገችውም። እንደዚያው ሆና መጥታ እጄን ያዘች። መንገዱን ስንሻገር ምክንያቱ ተገለጠልኝ።

"ስለዋሸሽ ነው አይደል?" አልኳት።

ቆም አለች። "አዎ" አለችኝ። "ስለዋሸሁ ነው።"

መስመሩ ተበላሽቷል እያለች ስለዋሸችው ማለቴ ነበር። እሷ የትኛውን ውሸት እንዳለች ለማወቅ ሃያ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲያ "እትዬ ሃሎ" የሚላት ጠፋ። ሰው ገመዱ ሲሰካ የሚፈልገውን ጠርቶ ዝም ይላል። ገበያ ስንሄድ ሻጮቹ ሌላ ሰው ያስተናግዳሉ። ትምህርት ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ቦታ ቀየረች። ሁሉም በአዲሱ ማሽን ምክንያት መሰለኝ፤ ከእንግዲህ አታስፈልገንም ብለው ናቁን አልኩ። ማሽኑ የተመረቀ ቀን ባለሥልጣን መጥቶ ሪባን ቆረጠ። "ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው የሌላ እጅ ሳያስፈልገው ከፈለገው ሰው ጋር ይገናኛል" አለ፤ ተጨበጨበ። እናቴ የመረጃ ጠረጴዛው ላይ ስትቀመጥ ለማየት ከፊት ተሰልፌ ነበር። ሌላ ሴት ተቀመጠች። በዚያው ሳምንት ክፍላችንን ለቀቅን።

ድንጋይ አንሥቼ የአዲሱን ቤት መስኮት ሰበርኩ። ቴክኒሻኑ በክንዴ ይዞ ለእናቴ አስረከበኝ። እናቴ "ተዋት" አለችው።

"ማሽኑ ነው አይደል ሥራሽን የወሰደብሽ?" አልኳት እያለቀስኩ።

"አዎ ማሽኑ ነው" አለችኝ። እንባዬን በመዳፏ ጠረገችው።

አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ የሰው ልብስ እየሰፋች፣ የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችኝ። በትምህርቴ ጎበዝ ስለነበርኩ ዋናው ከተማ ገብቼ ምህንድስና ተማርኩ፤ ሲገርም ስልክ መሥሪያ ቤቱ ተቀጠርኩ። ያ ጠላቴ ማሽን በእጄ ገባ ብዬ ከራሴ ጋር ቀለድኩ። በመጀመሪያው ደመወዜ ለእናቴ ክፍል ስልክ አስገባሁላት። እሁድ እሁድ እደውላለሁ። ስታነሣ "አቤት" ነው የምትለው።

ሃያ አራት ዓመት ሲሞላኝ የባለ ወፍጮው ልጅ በሥራ ክፍላችን ተቀጠረ። በአንድ ነገር ተጣላንና ሰው ፊት "አንቺማ ከእናትሽ ነው የወረስሽው፣ ባለመድኃኒት ቤቱን ሸጣ የበላችው እናትሽ" አለኝ። ክው አልኩ። ደብተሩ፣ ረቡዕ፣ ባርኔጣው፣ ምራቁ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣ። የኔ ወሬ ግን አልመጣም። እግዜር ያሳያችሁ፣ የተናገርኩት ነገር ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። ሕፃን ስለ ደግ ሰው ያወራችው ነገር ከዚህ ጋር ይገናኛል ብዬ አላሰብኩም። ወይም ማሰብ አልፈለግሁም። እስካሁን አልለየሁትም።

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። እናቴ የስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ እየሰፋች ነበር።

"ባለመድኃኒት ቤቱን ያስያዝሽው አንቺ ነሽ?"

እግሯ ፔዳሉ ላይ ቆመ። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ምን ያህል እንደማውቅ የምትመዝን ይመስል። ዛሬ የምትመዝነው ሌላ እንደነበር አውቃለሁ።

"እኔ ነኝ" አለች።

"እንዴት አስቻለሽ?"

"አስቻለኝ።"

ሻይ አፍልታ ነበር፤ ሳልጠጣ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ለሥራችን ወርቃማ ዘመን ነበሩ። ሞባይል ገባ። መንገድ ያልደረሰበት መንደር ማማ ደረሰው። እኔም ከፍ ከፍ አልኩ፤ ምረቃ ላይ ቆሜ ንግግር አደርግ ነበር። "ዛሬ እናት ከልጇ ጋር ተገናኘች" የሚል ዓረፍተ ነገር እወድ ነበር፤ ሁልጊዜም ይጨበጨብልኛል። ለእናቴ በየወሩ የሚያስፈልጋትን እልካለሁ። አልደውልም። አንድ ቀን ብቻዬን ሆኜ የመስመሯን መዝገብ ከፈትኩ። ከሷ ቁጥር ወደ ማንም የወጣ ጥሪ የለም። ጥሪ ስለሌለው የሚቋረጥ መስመር ነው፤ እንዳይቋረጥ ምልክት አድርጌበት መዝገቡን ዘጋሁት፤ ይህንንም እንደ ውለታ ቆጠርኩት።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሄደ። ሞቷን የነገረችኝ አከራይዋ ናት፤ በስልክ።

ለቀብሯ የመጣው ሰው በጣት ይቆጠራል። ከቀብር መልስ ክፍሏ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ አንዲት ሽበታም ሴት ምርኩዝ ይዛ ገባች። አስተማሪዋ ናት። ልትተፋብኝ ከሆነ ይገባኛል ብዬ ተነሥቼ ቆምኩ።

"ተቀመጪ" አለችኝ። አጠገቤ ተቀምጣ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። "መንግሥት ሲቀየር ፋይሎቹን ለቤተሰብ ከፈቱ፤ ታስታውሻለሽ። እኔ የደረሰኝ የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። አንብቢው።"

ያንን ውብ የእጅ ጽሑፍ ወዲያው አወቅሁት። ስለ ሁለቱ ተፈላጊ ሰዎችና ስለ ጓዳው ይላል። ከሥሩ ሁለት መስመር አለ። "ምንጭ፦ የስልከኛዋ ልጅ፣ ዕድሜ 9፣ በፈቃዷ የተናገረች።" ቀጥሎ፦ "ስልከኛዋ ሆን ብላ መረጃ ስትደብቅ የቆየች ስለሆነ አዲሱ ማዞሪያ ሥራ ሲጀምር እንድትሰናበት።"

ደግሜ አነበብኩት። ፊደሎቹ አልተለወጡም።

"ያኔ መጥታ 'እኔ ነኝ የጻፍኩት' ነው ያለችኝ" አለች አስተማሪዋ። "ተፋሁባት። ከተማውም የተፋባት እኔ አውርቼ ነው። ይሄን ወረቀት ሳገኝ እዚህ መጥቼ እግሯ ላይ ወደቅሁ። 'ለምን?' አልኳት። 'ልጅቷ ካንቺ ጋር በአንድ ከተማ ልታድግ ነበር፤ መንገድ ላይ ደብተሯን ታዪ ነበር' አለችኝ። 'ብታውቂ ኖሮ ጥፋቷን ፊትሽ ላይ ታነበው ነበር' አለችኝ።"

"ለኔ ለምን አልነገረችኝም? አድጌ ስጠይቃት እንኳን..."

"እኔም ልንገራት አልኳት። 'እኔ በሕይወት እስካለሁ አትንገሪያት' አለችኝ።" ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አጠፈችው። "እስካለሁ ነው ያለችው። ቃሌን ጠበቅሁ።"

"ይቅር በይኝ እትዬ" አልኳት።

"ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር" አለች። "እሱን ይቅር ብዬሻለሁ፤ ያኔውኑ ባውቅም ይቅር የምልሽ ይመስለኛል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልደወልሽላትን ግን እኔ ምን አግብቶኝ ይቅር እልሻለሁ? ሦስት ዓመት እየመጣሁ አብሬያት ተቀምጫለሁ። እሁድ ጠዋት አትወጣም ነበር። ቤተ ዘመድ ቢሞት እንኳን እሁድ ጠዋት አትወጣም።"

ምርኩዟን ይዛ ተነሣች። ክንዷን ልይዛት ስል በቀስታ አስለቀቀችኝ።

"አሁን ምን ላድርግ?" አልኳት በሩ ላይ።

ዞር ብላ አየችኝ። "የኔ ሰውዬ የት እንደተጣለ እስከ ዛሬ አላውቅም" አለች። "ያንቺ እናት መቃብር አላት። ሂጂና አጠገቧ ተቀመጪ።"

በማግስቱ ሄድኩ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። እስከ ቀትር የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ዘበኛው ቀርቦ "ዘመድሽ ናቸው?" አለኝ። "እናቴ ናት" አልኩት። "ልጅ የላቸውም ነበር እኮ የተባለው" አለና ሄደ።